የማገዶ ቁጠባ ከድሃ ቤት እንዴት ይገባል?

መግቢያ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው። ወጥን የሚያጣፍጠው ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና የባለሙያዋ እጅ ነው እንጂ ጉልቻው አይደለም። ነገር ግን ጉልቻ ሲለወጥ ሌላ ነገር ይለወጣል። የሚነደው እንጨት ያንሳል። ለከሰል የሚወጣው ገንዘብ ያንሳል። ዓይን የሚያስለቅሰው ጢስም ያንሳል። እንግዲህ ተረቱ ስለ ጣዕም ተናገረ እንጂ ስለ ማገዶ አልተናገረም።

በአገራችን ማገዶና መብራት ለመቆጠብ ብዙ ፕሮግራሞች ወጥተዋል። አንዳንዱ ሠምሯል። አንዳንዱ ግን ብዙ ተወርቶለት ውሎ ሳያድር ተረስቷል። ለምን ይሆን? በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ይህንን ነው። ምሳሌ የምናደርገውም በአዲስ አበባ የአዲስ ከተማን አካባቢ፣ መርካቶን ነው።

«እኛ ገበሬዎች ነን፤ የመርካቶ ምድጃ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ትንሽ ይታገሠን። በመርካቶ የሚነደው ከሰል የመጣው ከገጠር ነው። በመርካቶ የሚሠራው ምድጃም ተመልሶ ወደ ገጠር ይሄዳል። ነገሩ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ነው።

1. እንጨቱ ከየት ወዴት ይሄዳል?

አዲስ አበባ ገና ከጥንቷ የማገዶ ችግር ነበረባት። ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናመነ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በእንጦጦና በከተማይቱ ዙሪያ በብዛት ተተከለ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ሸክሙ አልቀለለም። የእንጦጦን እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱ ድሃ ሴቶችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ከጭነቱ ክብደት የተነሣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ ዳገት ቁልቁለቱን ይወርዳሉ።

ከሰሉስ? ከሰል ከስምጥ ሸለቆ የግራር ደን ሲመጣ ኖሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከአማራ ክልል፣ ከአዊ ዞን ይመጣል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት በማሳቸው ይተክላሉ። ዛፉ ሲደርስ ቆርጠው ያከስሉታል፤ ከሰሉም በጆንያ እየተጫነ አዲስ አበባ ይገባል።

አሁን አንድ ቁም ነገር እናስተውል። በባህላዊው መንገድ፣ እንጨት ከምሮ በአፈር ሸፍኖ ሲከሰል አብዛኛው እንጨት በጢስና በአመድ ይጠፋል። አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ያስፈልጋል። እንግዲህ በመርካቶ አንዲት እናት አንድ ኪሎ ከሰል ብትቆጥብ፣ በገጠር ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ሳይቆረጥ ይቀራል ማለት ነው።

«ታዲያ ከሰል ሸጦ የሚያድረው ገበሬ ምን ይብላ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተክሎ የሚያከስል ገበሬ ዛፉን ለቤት ማገርና ለአጠና መሸጥ ይችላል። ዛፍ ቆሞ ሲያድር ዋጋው ይጨምራል፤ ተቃጥሎ ያለቀ ከሰል ግን ዋጋ የለውም። የዱር ግራር ቆርጦ የሚያከስል ሰው ደግሞ የሚሸጠው የልጆቹን ጥላ ነው። ምትክ አይተክልምና ያ ገቢ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም።

2. ምናለሽ ተራና አሮጌው ምድጃ

ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚህ ቦታ ተዛወረ። መርካቶ የሚለው ስምም የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። መርካቶ በየተራው የተከፈለ ነው። እህል በረንዳ አለ፤ ሸማ ተራ አለ፤ ጭድ ተራ አለ። ምናለሽ ተራም አለ።

በምናለሽ ተራ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሮጌ በርሜል፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የመኪና ስብርባሪ ብረት ከየቦታው ተለቅሞ ይመጣል። ከዚያ ጆሮ እስኪደነቁር በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ባልዲ ይሆናል፤ የምጣድ ክዳን ይሆናል፤ የከሰል ምድጃ ይሆናል። ይህ ምድጃ በየአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እየተጫነ ወደየክፍለ ሀገሩ ይሄዳል።

አሮጌው የቆርቆሮ ምድጃ ርካሽ ነው። ቀላልም ነው። ግን አንድ ጉድለት አለበት። ብረት ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል። ከሰሉ ሲነድ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ድስቱ አይሄድም። በምድጃው ጎን እየወጣ ቤቱን ያሞቃል፤ አየሩንም ያሞቃል። እጃችንን ወደ ምድጃው ጎን ብናስጠጋ ይፋጀናል። ያ የሚፋጀን ሙቀት ምን እንደሆነ እናውቃለን? ገንዘባችን ነው። ከፍለን ገዝተነዋል፤ ወጡን ግን አላበሰለልንም።

3. ላቀች እንዴት መጣች?

በጎረቤት አገር በኬንያም ችግሩ እንደዚሁ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በናይሮቢ አዲስ ምድጃ ወጣ። ሐሳቡ የተወሰደው በታይላንድ ከሚሠራ ባልዲ መሰል ምድጃ ነው። ውጪው ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ግን የሸክላ ልባስ አለው። ሸክላ እንደ ብረት ሙቀት አያሳልፍም፤ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ላይ፣ ወደ ድስቱ ይሄዳል።

ይህን ምድጃ የሠራው ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። በናይሮቢ ሻውሪ ሞዮ የሚባል ገበያ አለ። እንደኛው ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቀጥበት የሚውል ሥፍራ ነው። አዲሱን ምድጃ የሠሩት እነዚያው አሮጌውን ሲሠሩ የኖሩ ባለ መዶሻዎች ናቸው። ሠሪው ሲበዛ ዋጋው እየቀነሰ መጣ። ዋጋው ሲቀንስ የድሃው እጅ ደረሰበት።

በአገራችንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የኬንያውን ምድጃ ለእኛ አበሳሰል እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጀ። ስሟም «ላቀች» ተባለ። ላቀች ማለት በለጠች ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዎች ልባሱን ይሠራሉ፤ ብረት ሠሪዎች ቆርቆሮውን ይሠራሉ፤ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ላቀች ከአሮጌው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ስትወዳደር የከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች። በአሮጌው ምድጃ አራት ጆንያ የሚፈጅ ቤት በላቀች ሦስት ጆንያ ይበቃዋል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ወጣ። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ይሠራል። አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። ከኋላው ደግሞ በሚወጣው ሙቀት ድስት የሚጣድበት ቦታ አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲወዳደር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ሊያተርፍ ይችላል። በቤታችን ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው ለእንጀራ ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ምርጥ ምድጃ ከባድ ነው። ቦታም ይፈልጋል። በገጠር ለብቻው ማድ ቤት ላለው ሰው ይስማማል። በመርካቶ ጠባብ ግቢ፣ አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ ማድ ቤት በሚጋራበት ቦታ ግን ማን ቤት ይተከላል? ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጥሩ ምድጃ ማለት ለሁሉ ቤት ጥሩ ማለት አይደለም።

4. የወንድምና የእህት ሒሳብ

እስኪ አንድ ወንድም ከገጠር መጥቶ እህቱን ሊጠይቅ አውቶቡስ ተራ ወረደ እንበል። እህቱ በመርካቶ የጀበና ቡና ሸጣ ልጆቿን ታሳድጋለች። ቡና አፈላችለትና እንዲህ ተጫወቱ።

«እታለም፣ ይህች ምድጃሽ እኮ እንደ እቶን ትፋጃለች።»

«ምን ላድርግ ወንድሜ? ጎረቤቴ ባለ ሸክላውን ገዝታለች፤ ደኅና ነው አለችኝ። ዋጋው ግን አይቀመስም።»

«ስንት ነው?»

«አራት መቶ ብር።»

«በቀን የስንት ብር ከሰል ታነጃለሽ?»

«የአርባ ብር። በጣሳ ነው የምገዛው። ጆንያውን በሙሉ ብገዛ ይረክስልኝ ነበር። ግን ያን ያህል ብር ባንድ ጊዜ ከየት አባቴ ላምጣ?»

ወንድሟ የተማረውን ሒሳብ አስታወሰና በእንጨት ስንጣሪ መሬት ላይ ጻፈ። እኛም አብረነው እንሥራ። ብሩን የወሰድነው ለሒሳብ እንዲመች ነው። እናንተ በአካባቢያችሁ ዋጋ ለውጣችሁ ሥሩት።

የቀን ከሰል፦ 40 ብር
ሩቡ ሲቆጠብ፦ 40 ÷ 4 = 10 ብር በቀን
የምድጃው ዋጋ፦ 400 ብር
ምድጃው ዋጋውን የሚመልሰው፦ 400 ÷ 10 = በ40 ቀን
ከዚያ በኋላ በወር የሚተርፈው፦ 10 × 30 = 300 ብር

«እንዴ! ታዲያ ያላዋቂ ነገር ነው የያዝኩት» አለች እህቱ።

ኧረ አይደለም! እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብዙ ጊዜ የፕሮግራም ሰዎች «ድሃው ጥቅሙን ስላላወቀ ነው የማይገዛው» ይላሉ። ይህች እናት ግን ጥቅሙን ታውቃለች። ያጣችው ዕውቀት ሳይሆን ባንድ ጊዜ የሚቆጠር 400 ብር ነው። ልጆቿ ማታ የሚበሉትን ከዛሬው ሽያጭ የምታወጣ ሴት፣ ከ40 ቀን በኋላ ለሚመጣ ትርፍ ዛሬ 400 ብር ማውጣት አትችልም። ድሃ በጣሳ ስለሚገዛ ለአንድ ኪሎ ከሰል ከሀብታም የበለጠ ይከፍላል። ርካሹን ምድጃ ስለሚገዛም ተጨማሪ ከሰል ያነዳል። ድህነት ራሱ ውድ ነው ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። እቁብ ነው። መርካቶ በእቁብ የታወቀ ሥፍራ ነው። አሥር ቡና ሻጮች እቁብ ይግቡ እንበል። እያንዳንዷ በሳምንት 40 ብር ትጥላለች። 10 × 40 = 400 ብር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ዕጣ ለወጣላት ለአንዷ አንድ ምድጃ ይገዛል። በአሥር ሳምንት አሥሩም ባለ ምድጃ ይሆናሉ። ምድጃው ቀድሞ የደረሳት ሴት በሳምንት 70 ብር ትቆጥባለች፤ ለእቁቡ የምትጥለው 40 ብር ነው። ከቁጠባዋ ከፍላ 30 ብር ይተርፋታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሏል ይህ ነው።

5. በነፃ የታደለው አምፑል

«ለድሃ ከሆነ በነፃ ቢታደልስ?» የሚል ይኖራል። እርሱም ተሞክሯል።

ክሩ ግሎ የሚያበራው አሮጌ አምፑል የሚወስደውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ሲነካ ይፋጃል። ልክ እንደ ቆርቆሮው ምድጃ ነው። አሮጌው አምፑል 60 ዋት ወስዶ የሚሰጠውን ብርሃን፣ ኤል ኢ ዲ የሚባለው የዛሬው አምፑል ከ10 ዋት ባነሰ ይሰጣል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 በኢትዮጵያ ቆጣቢ አምፑሎች በነፃ ታደሉ። ሰው አሮጌውን አምፑል እያስረከበ አዲሱን ወሰደ። ከዓለም ባንክ የሆኑ አጥኚዎች ውጤቱን ተከታትለው ጻፉ። መጀመሪያ ላይ የሰዉ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በግልጽ ቀነሰ። መልካም ሥራ ነበር። 18 ወር ሲሞላ ግን ከተገኘው ቁጠባ አንድ አምስተኛው ጠፍቶ ተገኘ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አምፑል ይሰበራል፤ ይቃጠላልም። በተቃጠለ ጊዜ ምትኩ በሠፈሩ ሱቅ በሚቀመስ ዋጋ ከሌለ፣ ሰው ወደ ርካሹ አሮጌ ይመለሳል። ደግሞም ወጪ ሲቀንስ «እንግዲህማ ይብራ» ማለት ይመጣል። በነፃ ማደል ለመጀመር ጥሩ ነው፤ ለመዝለቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ከእደላው ኋላ ምትክ የሚገኝበት ሱቅ ሊኖር ይገባል።

6. አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት

አሁን ወደ መርካቶ ግቢ እንመለስ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድሃ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት በአነስተኛ ኪራይ ሲኖር ቆይቷል። ኪራዩ ማነሱ ጥሩ ነው። ግን ቤቱ የተከራዩ አይደለም። ነገ ይፈርስ ወይም ይቆይ አያውቅም። ስለዚህ በገዛ ገንዘቡ ማድ ቤቱን ለማሻሻል፣ የጢስ መውጫ ለማበጀት እጁ አይፈታም።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። በእንዲህ ያለ ግቢ ብዙ ጊዜ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ያገለግላል። የኤሌክትሪክ ዋጋ በእርከን ነው የሚታሰበው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለሚጠቀም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍ ይላል። ይህ የተደረገው ትንሽ ለሚጠቀም፣ ማለትም ለድሃው ታስቦ ነው። ግን ሒሳቡን እንመልከት።

እያንዳንዱ ቤት በወር የሚጠቀመው፦ 45 ኪሎዋት ሰዓት
በአንድ ቆጣሪ ያሉ ቤቶች፦ 4
ቆጣሪው የሚያነበው፦ 4 × 45 = 180 ኪሎዋት ሰዓት

እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢሆን ኖሮ ከ50 በታች ነበር። አንድ ላይ ሲቆጠር ግን እንደ አንድ ትልቅ ቤት ታይቶ ከፍ ባለ እርከን ይከፍላል። ለድሃ የታሰበው ቅናሽ ድሃውን አለፈው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሒሳቡ በአምፑል ቁጥር ወይም በቤት ቁጥር የሚካፈል ከሆነ፣ የቆጠበችውም ያባከነውም እኩል ይከፍላሉ። ታዲያ ማን ይቆጥባል? «እኔ ባጠፋ ለሌላው ነው» ይባላል። ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ግቢ ከምክር ይልቅ የሚጠቅመው ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ነው። እርሱ እስኪሆን ድረስ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ቢደረግ እያንዳንዱ የራሱን ፍጆታ ያያል።

7. የሚያዋጣ ፕሮግራም ምን ይመስላል?

እስካሁን ያየነውን ጠቅለል እናድርገው። የማገዶና የመብራት ቁጠባ ከድሃ ቤት ገብቶ እንዲቆይ አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፦ እሳት ዳር የምትቀመጠውን መጠየቅ። ምድጃ የሚመርጠው በቢሮ የተቀመጠ ሰው ብቻ ከሆነ ይሳሳታል። ድስቷ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጀበናዋ ይቆም እንደሆነ፣ ማድ ቤቱ የማን እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። ስለዚህ ሳይሠራ በፊት ትጠየቅ። ከተሠራ በኋላም ለጥቂት ሳምንት ሞክራ ጉድለቱን ትናገር።

ሁለተኛ፦ አከፋፈሉን ከአገኛኘቱ ጋር ማስማማት። በየቀኑ የሚያገኝ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይክፈል። ገበሬ ደግሞ እህል ሲገባ ይክፈል። እቁብ፣ እድርና የቁጠባ ማኅበር ለዚህ የተዘጋጁ መሰላሎች ናቸው።

ሦስተኛ፦ ሠሪውና ጠጋኙ በቅርብ እንዲገኝ ማድረግ። ላቀች የተስፋፋችው ቀድሞ መዶሻ በያዘና ቀድሞ ሸክላ በሠራ እጅ ስለተሠራች ነው። የሸክላ ልባሱ ሲሰነጠቅ ልባሱን ብቻ የሚቀይር ሰው በሠፈሩ ካለ፣ ምድጃው አይጣልም።

አራተኛ፦ ጥራትን መጠበቅ። አንድ ነገር ስሙ ሲወጣ አስመስሎ የሚሠራ ይበዛል። ልባሱ ስስ፣ ሸክላው በቅጡ ያልተጠበሰ ምድጃ ከሳምንት በኋላ ይሰነጠቃል። የተታለለች ሴት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አትገዛም፤ ለጎረቤቷም «እንዳትሞክሪው» ትላለች። አንድ መጥፎ ምድጃ አሥር ጥሩ ምድጃ ያስቀራል።

አምስተኛ፦ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ማየት። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የአገሪቱ ዕቅድ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ለማዳረስ ታቅዶ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን የታደለ ምድጃ ሁሉ የሚነድ ምድጃ አይደለም። አንዳንዱ የዶሮ መተኛ ይሆናል፤ አንዳንዱ ተሰብሮ ጥግ ይቀመጣል። ስለዚህ «ስንት አደልን?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ስንቱ ይነዳል? ማገዶውስ ስንት ቀነሰ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

8. እስከዚያው በየቤታችን ምን እናድርግ?

አዲስ ምድጃ እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያሻም። ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራ አለ።

ሀ. ድስት እንክደን። ያልተከደነ ድስት ሙቀቱን በእንፋሎት ያጣል።
ለ. ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከመቀቀላችን በፊት ከማታው ጀምሮ ውኃ ውስጥ እንዘፍዝፍ።
ሐ. እንጨት ፈልጠን፣ አድርቀን እናንድድ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ለገዛ ማድረቂያው ይጨርሰዋል፤ ለእኛ የሚተርፈው ጢሱ ነው።
መ. ድስቱን ከመጣዳችን በፊት ሽንኩርቱን ከትፈን፣ ሁሉን አሰናድተን እንጠብቅ። ባዶውን የሚነድ ከሰል የባከነ ነው።
ሠ. ወጡ መንተክተክ ሲጀምር የምድጃውን የአየር በር ጠበብ እናድርግ።
ረ. የሸክላ ልባስ ባለው ምድጃ እሳቱን ውኃ አፍስሰን አናጥፋ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል። በአመድ ይዳፈን።
ሰ. ምድጃ ስንገዛ ልባሱን እንመርምር። ስንጥቅ አለው? ከቆርቆሮው ጋር ጥብቅ ብሏል? የአየር በሩ ይዘጋል?

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሰል ጢስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዝ አየር ያወጣል። የተሻሻለ ምድጃም ቢሆን ያወጣል። በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ይገድላል። ቤቱን ለማሞቅ ብለን ነፍሳችንን እንዳናጣ፣ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ እናውጣ።

ማጠቃለያ

አንድ ቀን ወደ መንደራችሁ ምድጃ የያዘ ሰው ይመጣ ይሆናል። ወይም የፀሐይ መብራት ይዞ ይመጣል። በደስታ ተቀበሉት። ግን ጠይቁት። «ለማን ቤት ተብሎ ነው የተሠራው? ማን ይጠግነዋል? እንዴት እንከፍላለን? ከዓመት በኋላስ ተመልሰህ ታየናለህ?» በሉት። መልስ ካለው ሥራው ሥር ይይዛል። መልስ ከሌለው ደግሞ ጥያቄያችሁ እርሱንም ያስተምረዋል። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለፊርማ ብቻ አይደለም። ለመጠየቅና ሒሳባችንን ራሳችን ለመሥራት ጭምር ነው።

የቃላት ፍች

ልባስ = ከውስጥ በኩል የሚገጠም ሽፋን
ፍጆታ = ተጠቅመን የምንጨርሰው መጠን
እርከን = ደረጃ
ኪሎዋት ሰዓት = የኤሌክትሪክ መለኪያ፤ እህል በኪሎ እንደሚመዘን ኤሌክትሪክ በዚህ ይቆጠራል
ምትክ = በአሮጌው ቦታ የሚገባ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቆርቆሮ ምድጃ ከሰል የሚያባክነው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ያለችው እህት ጥቅሙን እያወቀች ምድጃውን ያልገዛችው ለምንድን ነው?
3. በቀን 60 ብር ከሰል የሚፈጅ ቤት ሩቡን ቢቆጥብ፣ 450 ብር የሚያወጣ ምድጃ በስንት ቀን ዋጋውን ይመልሳል?
4. በአካባቢያችሁ ታድሎ ሥራ ላይ ያልዋለ ነገር አለ? ለምን ሳይሠራ ቀረ? እሳት ዳር የሚውሉትን እናቶች ጠይቃችሁ በጽሑፍ ይዛችሁ ኑ።